የእንግሊዝ ገጠር ምግብና መጠጥ፦ የትኛውን አካባቢ ብትመርጡ ይሻላል?

ለንደንን ብቻ አይቶ የሚመለስ እንግዳ ስለ እንግሊዝ ምግብ ብዙ ጊዜ ደግ ነገር አያወራም። ቀዝቃዛ ሳንድዊች በልቶ፣ የሆቴል ቁርስ ሰልችቶት ይሄዳል። የዚህ አገር ጥሩ ምግብ ያለው ገጠር ነው። አንዱ መንደር በአይብ፣ ሌላው በኬክ፣ ሌላው በፖም መጠጥ ይታወቃል። ሰዉም በምግቡ ይኮራል፤ ሌላ ሰው በስሙ እንዳይነግድበት በሕግ ሳይቀር ያስጠብቀዋል።

ችግሩ አካባቢዎቹ የተራራቁ መሆናቸው ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለው ኮርንዎል ጫፍ ላይ ለመድረስ ከለንደን በባቡር አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሌክ ዲስትሪክት የሚባለው የሐይቅና የተራራ አገር ደግሞ በሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ነው። ሁለቱን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ማዳረስ አይታሰብም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ይላል።

እኔ የምመርጥበት መለኪያ ቀላል ነው። ያንኑ ምግብ በእኩል ጥራት ከለንደን ሱፐርማርኬት የምታገኙት ከሆነ ለእሱ ብላችሁ መንገድ አትጀምሩ። መንገድ የሚገባው ከምድጃው፣ ከበርሜሉ ወይም ከባሕሩ ሲርቅ ጣዕሙ ለሚጎድል ነገር ነው። ብዙ የጉዞ ድረ ገጾች «ዝነኛ» የሚሉትን ሁሉ ይደረድራሉ። ዝነኛው ግን ብዙ ጊዜ የትም የሚገኘው ነው።

ቅድሚያ አብሯችሁ የሚበላውን ሰው እዩ

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ማን አብሯችሁ እንደሚሄድ አስቡ። የእንግሊዝ ገጠር ምግብ አሳማ ይበዛበታል። የታወቁት ቋሊማዎች አሳማ ናቸው፤ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው ዝነኛው የሥጋ ፓይም አሳማ ነው። ቁርስ ላይ የሚቀርበው ጥቁሩ ብላክ ፑዲንግ ከአሳማ ደም ነው የሚሠራው። አሳማ ባይኖር እንኳ የአሳማ ስብ ሊጡ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእንግሊዝ ሕግ ምግብ የሚሸጥ ሁሉ አለርጂ ስለሚያመጡ 14 ነገሮች ለደንበኛው መናገር አለበት። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ስንዴ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.፤ እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተሠርቶ የሚታሸግ ምግብ ላይ የገባው ነገር ሁሉ መጻፍ አለበት። ለጾመኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ወተትና እንቁላል እንዳለበት ወዲያው ታውቃላችሁ። አሳማ ግን ከ14ቱ ውስጥ የለም። ሳይታሸግ ትኩሱን በሚሸጥ ፓስቲ (ሥጋ ተጠቅልሎበት የሚጋገር) ሊጥ ውስጥ የአሳማ ስብ ይኑር አይኑር ማንም ሊነግራችሁ አይገደድም። ስለዚህ ጠይቁ። «ሊጡ በምን ስብ ነው የተሠራው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሻጮቹ ለምደውታል።

ዓርብ ዕለት የአገሩ ሰው ዓሣና ቺፕስ ይበላል። በጾም ዓሣ የምትበሉ ካላችሁ፣ በሰሜን ባለው ዮርክሼር ውስጥ ጥንቃቄ አድርጉ። እዚያ ብዙ ቤቶች የሚጠብሱት በዘይት ሳይሆን በከብት ሞራ ነው። ቺፕሱም በዚያው ነው የሚጠበሰው። ሙስሊም እንግዳ ያለው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቅ፤ መጠጥ ቤቶች ዓሣውን የሚነክሩበት ሊጥ ብዙ ጊዜ ቢራ አለበት። በትንንሽ መንደሮች ሐላል ሥጋ ማግኘት ከባድ ነው። እንደዚያ ከሆነ ከመጠጥ ቤት ይልቅ ሻይ ቤትና ዳቦ ቤት ይሻላል።

ጊዜውንም አመሳክሩ። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ነሐሴን ሙሉ ዝግ ናቸው፤ ቤተሰብ ይዞ ገጠር የሚወጣውም ያኔ ነው። የእኛ ፍልሰታ ደግሞ እዚያው ላይ ያርፋል። ፍልሰታን የሚጾም ሰው ክሬምና አይብ ፍለጋ ዴቨን ቢሄድ ማየት ብቻ ነው ትርፉ። ለእሱ የሚሆነው ኬንት ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ሜኑ ላይ «ቪጋን» የሚል ካያችሁ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም ማለት ነው።

ደቡብ ምዕራብ፦ ኮርንዎል፣ ዴቨን፣ ሶመርሴት

ሦስትና አራት ቀን ያለው ሰው፣ ጾም ካልሆነ፣ ያለ ጥርጥር ወደዚህ ይሂድ።

የኮርንዎል ፓስቲ በሊጥ ተጠቅልሎ በምድጃ የሚጋገር ምግብ ነው። ውስጡ የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ የሚባል ቢጫ ሥራ ሥር አለበት። ቁንዶ በርበሬ ይጨመርበታል፤ ሌላ ቅመም አትጠብቁ። ቆርቆሮና መዳብ የሚቆፍሩ ሠራተኞች ወደ ማዕድን ጉድጓድ ይዘውት የሚወርዱት ምሳ ነበር። ከ2011 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። በዚህ ስም የሚሸጠው ኮርንዎል ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። ሥጋው ቢያንስ 12.5 በመቶ፣ አትክልቱ ቢያንስ 25 በመቶ ይሆናል። ሥጋውና አትክልቱ ሊጡ ውስጥ የሚገባው ጥሬውን ነው፤ አብሮ ይበስላል። የሊጡ ጠርዝ የሚጠመዘዘው በጎኑ በኩል ነው። ከላይ የተጠመዘዘ ካያችሁ የኮርንዎል አይደለም። ካሮት ካለበትም አይደለም።

ፓስቲ ለንደን ባቡር ጣቢያ ውስጥም ይሸጣል። ግን በሙቀት ሣጥን ውስጥ ሰዓታት የቆየ ሊጥ ይለሰልሳል፣ ድንቹም ይደርቃል። ኮርንዎል ውስጥ ከምድጃ እንደወጣ ስትበሉት የሥጋው ጭማቂ ድንቹ ውስጥ ገብቷል፣ ሊጡም ይንኮሻኮሻል። ልዩነቱን ማንም ያውቀዋል። ዳቦ ቤት ገብታችሁ «አሁን የወጣው የቱ ነው?» በሉ። የባሕር ዳርቻ ላይ የምትበሉ ከሆነ የባሕር ወፎቹን ተጠንቀቁ፤ ከእጃችሁ ነጥቀው ይሄዳሉ።

ቀጥሎ ክሪም ቲ ነው። ሻይ፣ ስኮን የሚባል ትንሽ ለስላሳ ዳቦ፣ የእንጆሪ ጀምና ክሎትድ ክሬም አንድ ላይ ይቀርባል። ክሬሙ ስቡ የበዛ ወተት ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ተደርጎ፣ ከዚያ እንዲቀዘቅዝ ተትቶ፣ ከላይ የሚሰፍረው ነው። ወፍራም ነው፤ ፊቱ ላይ ወርቃማ ቆዳ ይሠራል። የኮርንዎሉ ክሎትድ ክሬም ቢያንስ 55 በመቶ ስብ አለው። ስሙ ከ1998 ጀምሮ የተጠበቀ ነው።

ኮርንዎልና ዴቨን የሚከራከሩት በአቀባቡ ነው። ዴቨን ውስጥ ክሬሙ ይቀድምና ጀሙ ከላይ ይሆናል። ኮርንዎል ውስጥ ጀሙ ይቀድምና ክሬሙ ከላይ ይቀመጣል። እኔ የኮርንዎልን እመርጣለሁ፤ ምክንያትም አለኝ። ስኮኑ ትኩስ ከሆነ ከሥር የተቀባ ክሬም ቀልጦ ይጠፋል። ስኮኑ ከቀዘቀዘ ግን የዴቨኑ አያያዝ ጥሩ ነው፤ ክሬሙ እንደ ቅቤ ይቀባል። ከሁሉ በላይ የሚወስነው ስኮኑ የዕለቱ መሆኑ ነው። ሻይ ቤት ስትመርጡ ስኮኑን ራሳቸው ጠዋት የጋገሩ መሆናቸውን ጠይቁ። ምሳ በልታችሁ አትሂዱ። ሁለት ስኮን ከክሬም ጋር ራሱን የቻለ ምሳ ነው።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ፣ ለምግብ ኮርንዎል ይበልጣል፤ ፓስቲውንም ክሬሙንም ዓሣውንም አንድ ላይ ታገኛላችሁ። ዴቨን ለለንደን ይቀርባል። ልጆች ይዞ ረጅም ባቡር ለማይሆንለት ዴቨን ይበቃዋል።

ሶመርሴት ውስጥ ቼዳር የሚባለው መንደር አለ። አይቡ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ገደሉና ዋሻዎቹ ያምራሉ፤ ዋሻ ውስጥ የሚያረጅ አይብም አለ። ግን ለአይቡ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ቼዳር የሚለው ስም ብቻውን በሕግ አልተጠበቀም፤ ዓለም ሁሉ ይሠራዋል። የተጠበቀው «ዌስት ካንትሪ ፋርምሃውስ ቼዳር» የሚለው ነው። እሱ በሶመርሴት፣ ዶርሴት፣ ዴቨንና ኮርንዎል ብቻ ይሠራል፤ ቢያንስ 9 ወር ይቆያል። ጥሩ የለንደን አይብ ቤት ይህንኑ ይሸጥላችኋል። ሶመርሴት የሚኬደው ለሲደር፣ ማለትም ለፖሙ መጠጥ ነው።

ሲደር ወይስ ቢራ?

ከአሜሪካ ለምትመጡ መጀመሪያ ይህን ልንገራችሁ። እዚያ ሲደር የሚባለው ብዙ ጊዜ ያልተብላላ የፖም ጭማቂ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሲደር አልኮል ነው። ለልጅ እንዳታዙ። የማትጠጡ ከሆነ «አፕል ጁስ» በሉ፤ ብዙ የፖም እርሻዎች የራሳቸውን ጨምቀው ይሸጣሉ፣ እሱም ጣፋጭ ነው።

ሲደር ስትመርጡ ፋብሪካና እርሻ መለየት አለባችሁ። በሕጉ አንድ መጠጥ ሲደር ለመባል 35 በመቶ ጭማቂ ይበቃዋል። ቀሪው ውሃና ስኳር ሊሆን ይችላል። ሱፐርማርኬት የምታዩት ጣፋጩ ሲደር ብዙው እንዲህ ነው። የእርሻው ሲደር ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጭማቂ ነው። የሚሠራበት ፖም ለመብላት አይሆንም፤ ይመራል፣ አፍም ያደርቃል። ጣዕሙን የሚሰጠውም እሱ ነው። ስክራምፒ የሚሉት ድፍርሱ ሲደር ሳይታሰብ ይመታል፤ ከቢራ ይጠነክራል። ግማሽ ፓይንት አዝዛችሁ ጀምሩ። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው።

ሶመርሴትና ሄርፎርድሼር ሁለቱም የሲደር አገር ናቸው። የፖም ለቀማውን ማየት የሚፈልግ በመስከረምና በኅዳር መካከል ይሂድ። ለቀማ አይቶ፣ ቀምሶ፣ ከገበሬው ጋር አውርቶ መመለስ ለሚፈልግ ሄርፎርድሼር ጸጥ ያለ ነው፣ ቱሪስትም አይበዛበትም። በዚያው አካባቢ ፔሪ የሚባል፣ ፒር ከሚሉት ፖም መሰል ፍሬ የሚሠራ መጠጥ አለ። ግሎስተርሼር፣ ሄርፎርድሼርና ዉስተርሼር ውስጥ የሚሠራው ስሙ የተጠበቀ ነው። ዛፎቹ በጣም ያረጁ ናቸው። የፔሪ ዛፍ ጥሩ ፍሬ የሚሰጠው ሜይ ሂል የሚባለው ኮረብታ እስከሚታይበት ድረስ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ከሲደር ይልቅ ለስላሳና ቀጭን ጣዕም አለው። ለንደን ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ በእኔ መለኪያ ከሲደር ይቀድማል።

ቢራ ላይ ምርጫዬ ካስክ ኤል ነው። በርሜሉ ውስጥ መብላላቱን የሚቀጥል ቢራ ነው። ጋዝ አይጨመርበትም፤ በእጅ ፓምፕ ተስቦ ይቀዳል። የሚጠጣውም በረዶ ሆኖ ሳይሆን ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የምድር ቤት ቅዝቃዜ ነው። ድራፍት የለመደ ሰው መጀመሪያ «ሞቀ፣ ጋዙም ሄዷል» ይላል። ጠላ ጠጥቶ ያደገ ሰው ግን ቶሎ ይለምደዋል፤ እንደ ጠላ ሕይወት ያለው፣ ከቤት ቤት የሚለያይ መጠጥ ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ሰው የሚበዛበትን መጠጥ ቤት ምረጡ። ከማዘዛችሁ በፊት ትንሽ ቀምሳችሁ መምረጥም ትችላላችሁ፤ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። ይህ ቢራ በ1960ዎቹ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1971 ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ነው ያተረፈው። ጠጪ ተደራጅቶ የአገሩን መጠጥ ሲያድን ማየት በጣም ደስ ይለኛል።

መኪና የሚነዳው ሰው አንድም አይቅመስ። የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፣ መብራትም የለውም።

ሌስተርሼርና ደርቢሼር

ይህን አካባቢ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ዋናው ምግቡ ሜልተን ሞውብሬ የተባለችው ከተማ የአሳማ ፓይ ነው። አሳማ ለሚበላ ጥሩ ምግብ ነው። ቀዝቅዞ ይበላል፤ ሥጋው በጨው ስላልታሸ ቀይ ቀለም ሳይዝ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ለማይበላ ግን ከተማው ድረስ የሚያስኬድ ነገር የለም።

ስቲልተን አይብም የዚሁ ሠፈር ነው። ሰማያዊ ጅማት ያለው፣ ሽታው ኃይለኛ አይብ ነው። በሕግ ደርቢሼር፣ ሌስተርሼርና ኖቲንግሃምሼር ውስጥ ብቻ ይሠራል። ስሙን የሰጠችው ስቲልተን መንደር ከእነዚህ ውጭ ስለሆነች አይቡን እዚያ መሥራት አይቻልም። ግን ስቲልተን ጉዞ ይችላል። ለንደንም ስትገዙት ያው ነው።

ለየት የሚለው ቤክዌል ነው። ደርቢሼር ውስጥ ፒክ ዲስትሪክት የሚባለው ተራራማ አገር ላይ ያለ ትንሽ ከተማ ነው። የሱፐርማርኬቱ ቤክዌል ታርት ብስኩት መሰል ሊጥ አለው። የከተማው ቤክዌል ፑዲንግ ግን ሌላ ነው፤ በስሱ የተደራረበ ሊጥ፣ ከሥር ጀም፣ ከላይ የእንቁላልና የለውዝ ዘር የሆነው የአልሞንድ ሙሌት። ቅርጹ አያምርም፣ ትኩሱን ግን ይጣፍጣል። ተራራ ለመውጣት ከሄዳችሁ ቤክዌልን አትለፉ። ለእሱ ብቻ ግን ከለንደን አልነሣም።

ዮርክሼር ወይስ ሌክ ዲስትሪክት?

ሰሜን ለሚሄድ ከባዱ ምርጫ ይህ ነው። ሁለቱም ውብ ናቸው። በምግብ ግን ይለያያሉ።

ዮርክሼር የጠረጴዛ አገር ነው። እሁድ ምሳ የተጠበሰ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ድንች፣ አትክልት፣ መረቅና ዮርክሼር ፑዲንግ ይቀርባል። ፑዲንጉ ጣፋጭ አይደለም። ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት ተመትቶ በጋለ ስብ ውስጥ ይጋገራል፤ ያብጥና መሐሉ ጎድጎድ ይላል። ድሮ ከሥጋው በፊት በመረቅ ብቻ ይበላ ነበር። ሥጋ ውድ ስለሆነ ሆድ አስቀድሞ እንዲሞላ ነው። ይህን ምሳ እሁድ ከሄዳችሁ ቀድማችሁ ጠረጴዛ ያዙ። የመንደር ኩሽናዎች ቀደም ብለው ይዘጋሉ፤ ሥጋውም ያልቃል።

ሆስ የምትባለው ትንሽ ከተማ ውስጥ ዌንስሊዴል አይብ ይሠራል። ነጭ፣ ፍርፍር የሚል፣ ለስላሳ አይብ ነው። አሠራሩን ያመጡት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ የመጡ መነኮሳት ናቸው። በ1992 የአይብ ቤቱ ባለቤቶች ዘግተውት ነበር። በዚያው ዓመት የቀድሞ ኃላፊዎቹና አንድ የአካባቢው ነጋዴ ገዝተው እንደገና ከፈቱት፤ ዛሬ አሠራሩን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የዮርክሼር ሰዎች ከፍራፍሬ ኬክ ጋር ይበሉታል። ግራ ያጋባል፣ ግን ሞክሩት። የኬኩን ጣፋጭነት የአይቡ ጎምዛዛነት ይይዘዋል። ሰማያዊ አይብ ለማይደፍር ቤተሰብ ከስቲልተን ይልቅ ይህን እመክራለሁ። ሆስ ባቡር ጣቢያ ስለሌላት መኪና ያስፈልጋችኋል።

ክረምት ላይ ደግሞ ሩባርብ አለ። ግንዱ ቀይ የሆነ ጎምዛዛ ተክል ነው፤ በስኳር ይቀቀላል። በዌክፊልድ፣ በሞርሊና በሮዝዌል መካከል ባለው መሬት ሥሩ ሁለት ዓመት ሜዳ ላይ ይቆያል፤ ውርጭ ካገኘው በኋላ ወደ ጨለማ ቤት ይገባል። ሙቀት ሲሰጠው ብርሃን ፍለጋ በፍጥነት ያድጋል። ብርሃን እንዳይነካው የሚለቀመው በሻማ ነው። ወቅቱ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ከገና በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ ከእነ ክሬሙ ለመብላት ይመቻል።

ሌክ ዲስትሪክት የመንገደኛ ምግብ አገር ነው። ተራራ ወጥቶ የሚወርድ ሰው የሚበላው ነው። ኸርድዊክ የሚባሉት በጎች እዚያው ተራራ ላይ ያድጋሉ፤ ሥጋቸው ጠቆር ያለ፣ ጣዕሙ ጠንከር ያለ ነው። የበግ ሥጋ ለሚወድ አበሻ ከዚህ የተሻለ የእንግሊዝ ሥጋ አላውቅም። ሜኑ ላይ ስሙን ፈልጉ። የአካባቢው ዝነኛ ካምበርላንድ ቋሊማ ግን አሳማ ነው፤ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ስለሚቀርብ በቅርጹ ታውቁታላችሁ።

ግራስሚር መንደር ከ1854 ጀምሮ የሚሠራ የዝንጅብል ኬክ አለ። ሣራ ኔልሰን የምትባል ሴት የጀመረችው ነው። የድሮው የመንደር ትምህርት ቤት የነበረች ትንሽ ቤት ውስጥ ዛሬም ይሸጣል። በብስኩትና በኬክ መካከል ያለ፣ ዝንጅብሉ የሚያቃጥል ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ ኬንዳል ሚንት ኬክ ግዙ። ስሙ ኬክ ይሁን እንጂ ስኳር፣ ግሉኮስና የናና ዘይት ነው። ቸኮሌት ያልተቀባውን ምረጡ። በ1953 ኤቨረስትን የወጡት ሂላሪና ቴንዚንግ ጫፍ ላይ የበሉት ይህንኑ ነው። ማታ በቴምር የሚሠራው ስቲኪ ቶፊ ፑዲንግ ይመጣል፤ ሁለት ሰው አንድ ይብቃው።

ለአዛውንት እናት ወይም አባት ይዞ ለሚሄድ ዮርክሼር ይሻላል። እግር ያለው፣ ተራራ የሚወድ ሌክ ዲስትሪክት ይሂድ። እንደ ምግብ ብቻ ግን ዮርክሼርን አስቀድማለሁ።

አንድ ቀን ብቻ ላለው፣ ለጾመኛም፦ ኬንት

ኬንት ከለንደን ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱበት ነው። የፍራፍሬ አገር ነው። ፌቨርሻም አጠገብ ብሮግዴል የሚባል ቦታ ላይ የአገሪቱ የፍራፍሬ ስብስብ አለ፤ ከ2,000 በላይ የፖም ዓይነት ተተክሎበታል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ቼሪ ይደርሳል። በብዙ እርሻዎች ራሳችሁ ለቅማችሁ በኪሎ ትከፍላላችሁ። ነሐሴ ላይ ፕለምና የመጀመሪያዎቹ ፖሞች አሉ። ፍልሰታን ለያዘ ቤተሰብ፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም። ማንም ሳይጨነቅ ሁሉም ይበላል።

ዊትስተብል የምትባለው ከተማ ባሕር ዳርቻው ላይ ኦይስተር የሚባል፣ በቅርፊት ውስጥ ያለ የባሕር እንስሳ ይሸጣል። ጥሬውን በሎሚ ይበላል። የአገሬው ዘር ኦይስተር ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ብቻ ነው የሚገኘው። ብዙዎቻችን ቤት ኦይስተርና ሸርጣን አይበላምና ይህን ለእናንተ እተዋለሁ። ወይን ለሚጠጣ ኬንትና ሰሴክስ የኖራ ድንጋይ አፈር ላይ የሚያበቅሉት ወይን አላቸው። ከእሱ የሚሠራው አረፋ ያለው ወይን ከፈረንሳዩ ጋር ይወዳደራል። የወይን እርሻውን እያዞሩ የሚያስቀምሱ አሉ፤ ቀድማችሁ ያዙ።

ይዛችሁ የምትመለሱት

ከጀርመን፣ ከስዊድን ወይም ከጣልያን ለምትመጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት በግል ይዞ መግባት አይፈቀድም። አይቡም፣ ፓስቲውም፣ ክሬሙም ጉምሩክ ላይ ይወሰድባችኋል። እነሱን እዚሁ ጨርሱ። ለዘመድ ኬንዳል ሚንት ኬክ፣ ጀምና ሻይ ያዙ። የታሸገ ሲደር በጠርሙስ ከያዛችሁ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ በልብስ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።